ክብደት መቀነስ ጀምሮ ማቋረጥ፤ ጥፋቱ የቁርጠኝነት ማጣት ነው?

“ከሰኞ ጀምሮ” ብሎ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው፡፡ ከሰኞ ጀምሮ እራት ይቀንሳል፣ ጂም ይገባል፣ ማኪያቶ ያለ ስኳር ይሆናል፡፡ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ መቀነሱን ሲያሳይ ደስታው ልክ የለውም፡፡ በሦስተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑ ይቆማል፡፡ በአራተኛው የስፖርት ቦርሳው ከመኪናው የኋላ ወንበር አይነሳም፡፡ ባለቤቱም “እኔ ቁርጠኝነት የለኝም” ብሎ ራሱን ወቅሶ ይተወዋል፡፡

ለመሆኑ ጥፋቱ በእርግጥ የእሱ ነው?

መጀመሪያ ሚዛኑ ለምን እንደሚዘገይ እንመልከት፡፡ ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የተባለ የኃይል ክምችት አለው፡፡ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፡፡ ምግብ ሲቀነስ ቶሎ የሚያልቀው ይኸው ክምችት በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሚወርደው ኪሎ አብዛኛው ውሃ ነው፡፡ ስብ የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው፡፡ ስለዚህ የሦስተኛው ሳምንት ዝግታ ውድቀት ሳይሆን ትክክለኛው ፍጥነት ነው፡፡

ሰውነትም ዝም ብሎ አይመለከትም፡፡ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 50 ሰዎችን ይዘው የጀመሩትና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ክብደት ከተቀነሰ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ የምግብ ፍላጎትን የሚቆጣጠሩት ሆርሞኖች ወደ ቀድሞ መጠናቸው አልተመለሱም፡፡ በሌላ አነጋገር የሚሰማዎት ረሃብ የባህርይ ድክመት ሳይሆን የተፈጥሮ አጸፋ ነው፡፡

ታዲያ እስከ መጨረሻው የሚያደርሰው ምንድን ነው? መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፡፡ ዳይቱን በሁለት ሳምንት ያቋረጠው ሰው ሁዳዴን 55 ቀን ይጾማል፡፡ ረመዳንን የሚጾመውም እንዲሁ ወሩን ሙሉ ይዘልቃል፡፡ የጾም ዓላማ እምነት እንጂ ሚዛን አይደለም፤ በዘይት ከራሰ የጾም ምግብ ጋር ኪሎ መጨመርም ይቻላል፡፡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ያህል ካሎሪ አለውና፡፡ የጾም አሠራር ግን ሦስት ነገሮችን ያስተምረናል፡፡

አንደኛ፣ ውሳኔው አስቀድሞ ያለቀ ነው፡፡ በጾም ቀን “ሥጋ ልብላ ወይስ ልተው?” ብሎ ከራሱ ጋር የሚሟገት የለም፡፡ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ መቼና የት እንደሚፈጸም የተወሰነ ዕቅድ ከደፈናው ምኞት ይልቅ ይፈጸማል፡፡ “ስፖርት እሠራለሁ” ከማለት “ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ ስወጣ ታክሲ ከመያዜ በፊት 30 ደቂቃ በእግሬ እሄዳለሁ” ማለት ይሻላል፡፡

ሁለተኛ፣ ጾም ብቻን አይደለም፡፡ ቤተሰቡ አብሮ ይጾማል፣ ማዕዱም ለዚያ ይዘጋጃል፡፡ አንዱ ሰላጣ እየበላ ሌላው ጥብስ በሚያዝበት ገበታ ላይ ግን ጽናት ቶሎ ይደክማል፡፡ ከትዳር ጓደኛዎ ወይም ከሥራ ባልደረባዎ ጋር ይጀምሩ፡፡

ሦስተኛ፣ አንድ ቀን የሳተ ሰው ጾሙን በሙሉ አይተወውም፡፡ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን አሳትፈው ባደረጉት ጥናት፣ አዲስ ልማድ ለመጽናት በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፡፡ ለአንዳንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን ነበር፡፡ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላፈረሰም ታይቷል፡፡ የሠርግ ቅዳሜ የሚያልፈው በእሑድ ነው፤ በሚቀጥለው ሰኞ መሆን የለበትም፡፡

ግቡም ሩቅ መሆን አያስፈልገውም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ጥናት ለስኳር በሽታ የተጋለጡ 3,234 ሰዎችን አካቶ ነበር፡፡ ከእነዚህ መካከል ክብደታቸውን በ7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የታገዙት ሰዎች፣ ይህ እገዛ ካልተሰጣቸውና መድኃኒት ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል፡፡ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 7 በመቶ ማለት 5.6 ኪሎ ብቻ ነው፡፡ የሠርግ ሱሪ ለመግባት ላይበቃ ይችላል፤ ዓይንንና ኩላሊትን ከሚጎዳ በሽታ ለመራቅ ግን ትልቅ ነገር ነው፡፡

ስለዚህ ሚዛን ላይ በየዕለቱ መውጣት የሚያሳዝንዎት ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፡፡ የወገብዎን ልክና የደም ግፊትዎን ይመዝግቡ፤ ከሁሉም በላይ ያቀዱትን የፈጸሙባቸውን ቀናት ይቁጠሩ፡፡ ኪሎው በእጅዎ አይደለም፤ የማክሰኞው መንገድ ግን በእጅዎ ነው፡፡ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡሮች ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ሊያማክሩ ይገባል፡፡

ሰኞን መጠበቅም የግድ አይደለም፡፡