«ፖርትፎሊዮ»ን በአማርኛ ስለመሰየም፦ ከጅማ የቡና ዩኒየኖች የሶፍትዌር ምርጫ አንጻር

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን አንድ የጅማ ተርጓሚ የላኩልን ጥያቄ ነው። በቡና ሥራ የተሠማራ አንድ ድርጅት ፕሮጀክቶቹን የሚመራበት ሶፍትዌር ለመግዛት ጨረታ ያወጣል። ከእንግሊዝኛ በተተረጐመው የጨረታ ሰነድ ውስጥ «ፖርትፎሊዮ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው ገጽ «የፕሮጀክት ማኅደር»፣ በመካከሉ «የፕሮጀክቶች ስብስብ»፣ በመጨረሻው ደግሞ «የሥራ ዘርፍ» ተብሏል። ሦስት ተጫራቾች ይቀርባሉ። አንደኛው ሰነድ የሚያስቀምጥና የሚፈልግ፣ ሁለተኛው የእያንዳንዱን ሥራ የጊዜ ሰሌዳ የሚያወጣ፣ ሦስተኛው የመሥሪያ ቤቱን ክፍሎች የሚያደራጅ ሶፍትዌር ያቀርባሉ። ሦስቱም ያነበቡትን ቃል አልሳቱም። ድርጅቱ የፈለገው ግን ከሦስቱ አንዱንም አልነበረም፤ የፈለገው ባለው ውስን ገንዘብ የትኛውን ሥራ እንደሚያስቀድም፣ የትኛውን እንደሚያቆይ፣ የትኛውን ጨርሶ እንደሚተው ለመወሰን የሚረዳውን መሣሪያ ነበር። ጨረታው ተሰረዘ፤ የለቀማውም ወራት አለፈ።

የቃሉ ምንጭ ጣሊያንኛ ነው። «ፖርታ» መያዝን ወይም መሸከምን፣ «ፎልዮ» ቅጠልን ወይም የወረቀት ገጽን ስለሚያመለክት፣ ጥሬ ፍቺው ወረቀት መያዣ ማለት ይሆናል። ጣሊያኖች ዛሬም የኪስ ቦርሳን በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ እኛ በበኩላችን «ቦርሳ»ን ከእነርሱው ተውሰናል። እንግዲህ ተርጓሚው በመጀመሪያ ወደ «ማኅደር» ማምራታቸው አያስወቅሳቸውም፤ የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት የቆዳ ማኅደር ከጣሊያንኛው ቃል ጋር መንታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ቃሉ በዚያ አልቆመም። በመንግሥት አስተዳደር የአንድ ሚኒስትር የሥራ ኀላፊነት፣ በፋይናንስ ደግሞ የአንድ ባለ ገንዘብ የአክሲዮንና የቦንድ ይዞታ መጠሪያ ሆነ። ሃሪ ማርኮዊትዝ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ አክሲዮን ለብቻው ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ባለው ዝምድና መመዘን እንዳለበት አሳየ። ዋረን ማክፋርላን እ.ኤ.አ. በ1981 ይህንኑ ሐሳብ ወደ ኮምፒዩተር ፕሮጀክቶች አሻገረው፤ መቀመጫው አሜሪካ የሆነው የፕሮጀክት ሥራ አመራር ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ. በ2006 ለዚህ ሙያ የመጀመሪያውን የደረጃ መጽሐፍ አወጣ። እኛ ልንሰይመው የሚገባን ይህን የመጨረሻውን ፍቺ እንጂ ከረጢቱን አይደለም።

የስያሜ ሥራ ቃሉን ለብቻው በመመልከት አይፈጸምም፤ ከግሦች ጋር ሲጣመር ምን ትርጉም እንደሚሰጥ መፈተን ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት አማርኛ «ፋይሉ ከማኅደር ወጣ» ሲባል ጉዳዩ ሊሠራበት ጠረጴዛ ላይ ቀረበ ማለት ነው። በፕሮጀክት ባለሙያዎች አነጋገር ግን አንድ ሥራ ከፖርትፎሊዮ ወጣ ማለት ገንዘብ ተከለከለው፣ ቆመ ማለት ነው። አንዱ ሥራውን ሲያስጀምር ሌላው ያስቆመዋል። ከዚህ የበለጠ ለስሕተት የሚጋብዝ ትርጉም ማግኘት ያስቸግራል። «ስብስብ» እና «ክምችት» ይህ ጉድለት ባይኖርባቸውም፣ የገባው ሁሉ እንደገባ የሚኖርበትን ጐተራ ያሳስባሉ። «ዘርፍ» ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ የተያዘ ነው፤ «ጥቅል»ም የታሰረና የማይፈታ ነገርን ያመለክታል።

እኛ የምናቀርበው «ስብጥር» የሚለውን ነው። «የዕድሜ ስብጥር»፣ «የሠራተኛ ስብጥር» በሚሉት አነጋገሮች እንደምናየው፣ ቃሉ የብዙ ነገሮችን አንድነት ብቻ ሳይሆን በመካከላቸው ያለውንም ምጣኔ ይገልጻል፤ የአንዱ ድርሻ ሲያድግ የሌላው ያንሳል። «ስብጥሩን ማመጣጠን»፣ «ስብጥሩን መከለስ»፣ «ከስብጥሩ ማውጣት» ቢባል ሁሉም የሚፈለገውን ትርጉም ይሰጣሉ። ጉድለት የለውም አንልም፤ ስለ ምርጫ በግልጽ አይናገርም። ይህን በብያኔው መሙላት ይቻላል፦ «የፕሮጀክቶች ስብጥር፤ አንድ ድርጅት የጋራ ገንዘቡን፣ የሰው ኀይሉንና ጊዜውን መሠረት በማድረግ አወዳድሮ የመረጣቸው፣ በየጊዜውም እየመዘነ የሚጨምራቸውና የሚቀንሳቸው ሥራዎች»። በፋይናንስ ቋንቋ «ፖርትፎሊዮ» እንዳለ ቢቀጥል አንቃወምም። «ሶፍትዌር» እና «ፕሮጀክት» ደግሞ በአጋሮ ገበያም የሚታወቁ ስለሆኑ እነርሱን ለመተርጐም መድከም አያሻም።

ከዚህ ቀጥሎ ሦስቱን ቃላት፣ ማለትም ፕሮጀክትን፣ መርሐ ግብርንና ስብጥርን መለየት ይገባል። በጎማ ወረዳ በሚገኝ አንድ መሠረታዊ ማኅበር የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ከለቀማው በፊት ሠርቶ ማስረከብ ፕሮጀክት ነው፤ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ችግኝ ማፍላት፣ ያረጀ ቡና መጐንደል፣ ገበሬዎችን ስለ አለቃቀም ማሠልጠን በአንድነት የታጠበውን ቡና ጥራት ለማሳደግ ቢታቀዱ መርሐ ግብር ይሆናሉ። አሁን እነዚህን ሁሉ፣ በላያቸውም የጭነት መኪና ግዢን፣ የመጋዘን እድሳትን፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ሕግ የሚጠይቀውን የቡና ማሳዎች ካርታ ሥራ እንጨምር። የቡናው ማሳ ካርታ ከጭነት መኪናው ጋር የሚያዛምደው የዓላማ አንድነት የለም። ይሁን እንጂ ሁሉም አንዱን የዩኒየን ካዝና ይጠብቃሉ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥም ያንኑ አንድ መሐንዲስና ያንኑ አንድ ሒሳብ ሹም ይሻማሉ። ስብጥር የሚያሰኛቸው ይህ ሽሚያ ነው።

ሐሳቡ ራሱ ለጅማ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ከታየ በኋላ፣ መቀመጫው መልኮ የሆነው የጅማ የምርምር ጣቢያ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ለማግኘት ብዙ እናት ዛፎችን መርጦ ፈትኗል፤ ለገበሬው የደረሱት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። 74110 እና 74112 በሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው 74 ምርጫው የተካሄደበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ደካማውን በጊዜ መተው የሥራው ግማሽ ነበር። እንዲሁም የቡና ቀማሾቻችን ለጥሬው ገጽታ 40፣ ለቅምሻው 60 ነጥብ ሰጥተው ደረጃ ያወጣሉ። የስብጥር ሶፍትዌር ፕሮጀክቶችን የሚያወዳድረው በዚሁ መንገድ ነው፤ መስፈርቶች ይሰየማሉ፣ ለየመስፈርቱ ክብደት ይሰጣል፣ ድምሩ ሥራዎቹን በተራ ያስቀምጣል። ስለዚህ «ስኮሪንግ» ለሚለው «ነጥብ አሰጣጥ»፣ «ዌይት» ለሚለው «ክብደት» ማለት ለጅማ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ገዢው ምን ይጠይቅ? ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ የታወቁት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1984 ብቅ ያለው ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት፣ በመሠረታቸው የአንድን ሥራ ቅደም ተከተል ለማውጣት የተበጁ ነበሩ። ሻጭ «ብዙ ፕሮጀክት ይይዛል» ቢል ይህ ስብጥርን ይመራል ማለት አይደለም፤ ብዙ መያዝ የጐተራ ሥራ ነው። ያልጸደቀ ሐሳብን ከጸደቀው ጋር ያወዳድራል ወይ? አንዱ ሥራ ቢቀር የተለቀቀው ገንዘብና ሰው የት ሊውል እንደሚችል ያሳያል ወይ? መሐንዲሱ በኅዳር ወር በሁለት ቦታ መመደቡን ያስጠነቅቃል ወይ? መብራትና ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ይሠራል ወይ? በጨረታው ሰነድ ላይ መጻፍ ያለባቸው እነዚህ ናቸው።

ከቋንቋ ባለሙያ የሚጠበቅ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ፊደሉን መጻፍ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ያለው በፍለጋው ላይ ነው። አንዱ ጸሐፊ «የፀሐይ ማድረቂያ»፣ ሌላው «የጸሀይ ማድረቂያ» ብለው ቢመዘግቡ ሶፍትዌሩ ሁለት ፕሮጀክት ይቈጥራል። «ጎማ» እና «ጐማ»፣ «ሊሙ» እና «ሊሙ ገነት» እንደዚሁ። ሞክሼ ፊደላትን አስመልክቶ ለዘመናት ስንከራከር የኖርነው ነገር እዚህ ላይ አንድን ማጠቢያ ጣቢያ ሁለት ጊዜ በጀት ሊያስይዝ ይችላል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት የቍጥር መለያ መስጠትና የቦታ ስሞችን ከዝርዝር ብቻ ማስመረጥ ነው። የዘመን አቈጣጠሩም ቀላል አይደለም፤ ሐምሌ 1 የሚጀምረውን የበጀት ዓመትና ጳጉሜን የማያውቅ ሶፍትዌር ሲገዛ፣ ቀኑን በእጅ የሚያሰላ ሠራተኛ አብሮ መቀጠር ይኖርበታል።

ዋጋን በተመለከተ አጭር ነገር እንበል። አብዛኞቹ በየተጠቃሚው በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልባቸው ስለሆኑ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክፍያው በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሰባት ወይም ስምንት ሥራ ብቻ ያለው ዩኒየን በጥንቃቄ በተዘጋጀ አንድ የሠንጠረዥ ፋይል ቢጠቀም ይበቃዋል ብለን እናምናለን፤ ስብጥር ጽንሰ ሐሳብ እንጂ ዕቃ አይደለምና።

በመጨረሻም ተርጓሚው ያስታወሱንን እንጨምር። የዩኒየኖቹ ቃለ ጉባኤ በአፋን ኦሮሞ፣ ከአዲስ አበባ ባንኮችና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚጻጻፉት በአማርኛ፣ የሶፍትዌሩ ገጽ በእንግሊዝኛ ነው። «ስብጥር» በአማርኛው ዓምድ ቢቀመጥም የአፋን ኦሮሞው ዓምድ በእኛ ስያሜ ትርጉም ሊሞላ አይገባም፤ በዚያው በጅማ የቋንቋው ባለሙያዎችና የዩኒየኖቹ ሒሳብ ሹሞች በአንድነት ተቀምጠው፣ ከላይ የሰጠነውን ብያኔ እንጂ ቃላችንን ሳይሆን፣ መነሻ አድርገው ቢሰይሙት ይሻላል። ለተርጓሚውም የላክንላቸው መልስ ይኸው ነው፤ ብያኔውን በአዲሱ የጨረታ ሰነድ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲያሰፍሩት አሳስበናል።