የዶም ፔሪኞን ሻምፓኝና የመነኩሴው ውርስ

ዶም ፔሪኞን የተባለው ሻምፓኝ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1668 እስከ 1715 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ የኦቪሌ ገዳም መጋቢ ከነበሩት መነኩሴ ከፒየር ፔሪኞን ነው። አረፋውን እርሳቸው ፈለሰፉት የሚለው ትረካ ግን የተስፋፋው ካረፉ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1821 አንድ የቀድሞ የገዳሙ መነኩሴ ከጻፉት ደብዳቤ ነው። በፔሪኞን ዘመን አረፋ ጉድለት ነበር፤ በብርድ ተገትቶ የቆየው ፍላት ሙቀት ሲመለስ እየቀጠለ ጠርሙስ ያፈነዳ ነበርና። የመነኩሴው እውነተኛ ሙያ ከልዩ ልዩ ማሳዎች የተለቀመውን የወይን ፍሬ ከመጨመቁ በፊት ማመጣጠን ነበር። ሞዌት ኤ ሻንዶን የ1921ን ምርት በ1936 በስማቸው ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሳያስተውለውም ቢሆን፣ የወረሰው ይህንኑ ሙያ ነው፦ ሻርዶኔና ፒኖ ኗር የተሰኙት ዝርያዎች ይዋሐዳሉ፤ የሁለት ዓመት ምርት ግን አይቀላቀልም። ወይኑ ባላማረበት ዓመት ስሙ በጠርሙስ ላይ አይወጣም።