የባከነ ዓመት በስንት ወር ይመለሳል?

በባሕር ዳር፣ በፔዳ ግቢ ዙሪያ ባሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ሰሞን ሰው ይበዛል። ወጣቶቹ በፕላስቲክ ማኅደር ይዘውት የሚመጡት ወረቀት አንድ ዓይነት ነው፤ ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የመውጫ ፈተና ውጤት፣ መታወቂያ። ቴምፖ የሚሉት ጊዜያዊውን ዲግሪ ነው። ዋናው የወጪ መጋራት ዕዳ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ይቆያል። ማስታወቂያው ላይ «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ካለበት ለጥቂት ቦታ የሚያመለክተው ብዙ ነው። ይህን የሚያይ ወላጅ ታናሹን ልጅ ዩኒቨርሲቲ ከመላኩ በፊት «ለመሆኑ ዲግሪ ያዋጣል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔ ያዋጣል እላለሁ። ሒሳቡን የምንሠራበት መንገድ ግን ተሳስቷል። የምንቆጥረው ብሩን ነው፤ ትልቁ ክፍያ የሚወጣው ከልጁ ዕድሜ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ይህ ጥያቄ የማይነሣበት ጊዜ ነበር። ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ የተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ማሽኑን የሚያውቅ ሰው እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በጨርቃ ጨርቅ፣ በእርሻ መሣሪያ፣ በእንጨት ሥራ፣ በኤሌክትሪክና በኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ ቴክኒሻኖችን ያሠለጥን ገባ። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ የመምህራን አካዳሚው ተከተለ፤ ሰፈሩ «ፔዳ» የሚባለውም የፔዳጎጂ አካዳሚ ከሚለው ስም ተነሥቶ ነው። ሁለቱ ተዋሕደው በ1992 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በመጀመሪያው ዘመን ትምህርቱና ሥራው ጎረቤት ስለነበሩ ተማሪው ሳይመረቅ የሚፈልገው መሥሪያ ቤት ይታወቅ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአገሪቱ የነበሩት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ አዲስ አበባና አለማያ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከአርባ ይበልጣሉ። ተመራቂው በዚህ ፍጥነት ሲበዛ ፋብሪካውና መሥሪያ ቤቱ በዚያው ልክ አልበዙም። ወረቀቱ የረከሰው ትምህርት ከንቱ ሆኖ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ስለ ዲግሪ ዋጋ ሲያወሩ የሚያነሡት ዕዳን ነው። አሜሪካ ውስጥ የተማሪዎች ብድር ከ1.6 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ስለደረሰ ክርክሩ እዚያ በዚህ ዙሪያ መሆኑ አይገርምም። የእኛ ነገር ሌላ ነው። በወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 154/2000 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይሸከማል፤ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል። የአንድ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም. ከ22 ብር ወደ 100 ብር አድጓል። በዓመት 10 ወር ብንል 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይመጣል። መኝታውንና የትምህርቱን ድርሻ ሳንጨምር ማለት ነው። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ከዚህ የሚበልጠው በየትኛውም ውል ላይ አይጻፍም። ያ ወጣት አራቱን ዓመት ቢሠራስ ኖሮ? ለመለኪያ ያህል ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበትን የመንግሥት ደመወዝ እንውሰድ፤ ዝቅተኛው 6,000 ብር፣ የዲግሪ መነሻው 11,500 ብር ነው። በ6,000 ብር አራት ዓመት ቢሠራ 288,000 ብር ያገኛል። ከምግቡ ዕዳ ጋር ሲደመር 408,000 ብር ሆነ። ዲግሪው በወር የሚጨምርለት፣ ግብር ሳይቀነስ፣ 5,500 ብር ነው። ስለዚህ በተመረቀ ማግስት ቢቀጠር ወጪውን የሚመልሰው በስድስት ዓመት ከሁለት ወር አካባቢ ነው። ለሠላሳ ዓመት ለሚሠራ ሰው ይህ ጥሩ ንግድ ነው፤ የዓለም ባንክ ባለሙያዎች አንድ ዓመት ትምህርት በአማካይ ገቢን ወደ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል ከሚሉትም ጋር አይጣላም። ሒሳቡ የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ሥራ ሳይሠራም ሳይማርም የሚያልፍ እያንዳንዱ ዓመት 72,000 ብር ይበላል፤ ያንን ዲግሪው በሚጨምረው 5,500 ብር ለመመለስ ከ13 ወር በላይ መሥራት ያስፈልጋል። ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሲያነብ የከረመ ተመራቂ የመመለሻው ጊዜ ከስምንት ዓመት ያልፋል።

«ታዲያ ባጃጅ የሚነዳው ልጅ የበለጠ ያገኝ የለም ወይ?» የሚል ክርክር ወዲያው ይነሣል። አንዳንዱ ያገኛል፤ መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ባጃጅ ለመንዳት ወይ የባጃጅ መግዣ ወይ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚገባ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ሲጠፋና መንገድ ሲዘጋ ገቢው በዚያው ቀን ይቆማል። እኛ የምናየው ደግሞ የተሳካለትን ነው። ከገጠር መጥቶ ቀን ሥራ ሲፈልግ በየግንባታው ሥር የሚቆመውን ከባለዲግሪው ጋር የሚያወዳድር ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። የክርክሩ እውነተኛ ፍሬ ሌላ ነው፤ እጅን የሚያስተምር ሙያ ከደካማ ዲግሪ ይበልጣል። ብየዳ፣ ኤሌክትሪክ፣ የሞተር ጥገና የተማረና የሙያ ብቃት ምዘናውን ያለፈ ወጣት አራት ዓመት ሳይጠብቅ ገቢ ይጀምራል። ፖሊ ቴክኒኩ ራሱ የተነሣው ከዚህ ዓይነት ትምህርት መሆኑን የዘነጋን ይመስለኛል። ቴክኒክና ሙያ መግባትን እንደ መውደቅ የሚቆጥር ቤተሰብ ልጁን ብዙ እየጎዳ ነው።

ደካማ ዲግሪ ስል በግምት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ ከ150,000 በላይ ተፈታኞች መካከል ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ቁጥር ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በየወሩ ከኪሱ ከፍሎ ሲማር ከነበረው አምስት ሰው አራቱ ዲግሪውን የሚያስይዘውን ፈተና አላለፉም ማለት ነው። ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ ሰዎች፣ ከፎገራ ሩዝ ሸጠው ለልጃቸው የሚከፍሉ ወላጆች በዚህ ውስጥ አሉ። «ግቢው ራቅ ያለ ቢሆንም፣ ሕንፃው የኪራይ ቢሆንም፣ ወረቀቱ እኮ ያው ነው» ተብሎ የተገባበት ነበር፤ ፈተናው ወረቀቱ ያው እንዳልሆነ አሳየ። ተመዝጋቢ ገንዘቡን ከማስገባቱ በፊት ለሬጅስትራሩ አንድ ጥያቄ ቢያቀርብ ብዙ ይድናል፤ ከዚህ ትምህርት ክፍል ባለፈው ዓመት ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ? መልስ የማይሰጥ ተቋም መልሱን ሰጥቷል። የመውጫ ፈተናውን በጭካኔ የሚከሱ አሉ፤ አራት ዓመት የተማረን ልጅ በአንድ ፈተና መመዘን ይከብዳል ይላሉ። ይከብዳል። ግን ፈተናው ያንን ልጅ ካሳዘነው ይልቅ ሳያስተምሩ ክፍያ የተቀበሉት ያደረሱበት ጉዳት ይከፋል። ተማሪው ድጋሚ መቀመጥ ይችላል፤ ያለፈውን ዓመት የሚመልስለት ግን የለም።

ሁሉንም በደመወዝ መለካት አይቻልም የሚለው ተቃውሞ ልክ ነው፤ ከሁሉም በላይ ልክ የሚሆነው በሴት ልጆች ላይ ነው። የአማራ ክልል ሴቶች የሚያገቡበት ዕድሜ በአገሪቱ ከዝቅተኞቹ አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች በየጊዜው ሲያሳዩት የቆዩት ደግሞ ብዙ የተማረች ሴት ዘግይታ እንደምታገባና የምትወልደው ልጅ ቁጥርም እንደሚያንስ ነው። ከደንቢያ ወይም ከደራ ተነሥታ ዶርም የገባች ልጅ ሥራ ሳታገኝ ብትመለስ እንኳ ከመሄዷ በፊት የነበረችው ልጅ አይደለችም። ስለ ጋብቻዋ ሲመከር የእሷም ቃል ይሰማል። ይህን በ5,500 ብር ማካፈል አይቻልም። ለወንዶችም ማንበብ፣ መከራከር፣ ከሌላ ክልል ልጅ ጋር አንድ ክፍል መኖር ዋጋ አለው። ሆኖም ይህ ክርክር ለጠንካራው ትምህርት እንጂ ለደካማው መከላከያ አይሆንም፤ መጽሐፍ የሌለበትና መምህር የማይገባበት ክፍል አእምሮንም አያሰፋም።

ወደፊት የወረቀቱ ዋጋ ተመልሶ ከፍ የሚል ይመስለኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና አሰጣጥ ከተቀየረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ናቸው። በሪሚዲያል፣ ማለትም በማካካሻ ትምህርት፣ የሚገቡት ቢጨመሩም የሚመረቀው ቁጥር እንደ ድሮው አይሆንም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰለፈው ሊያንስ ይችላል።

ዓመቱን የሚበላው ግን ተማሪው ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ግቢዎችን ዘጋ፤ የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት የዩኒቨርሲቲዎችን ጥሪ አዘገየ። «ዛሬ ነገ ትጠራላችሁ» የተባለ ልጅ ሥራ አይጀምርም፤ የሚቀጥረውም የለም። ቴሌግራም ላይ የጥሪ ማስታወቂያ እየጠበቀ ወሩ ያልፋል። አንድ ሺህ ተማሪ ሦስት ወር ቢጠብቅ፣ በዚያው በዝቅተኛው ደመወዝ ሲሰላ፣ 18 ሚሊዮን ብር ነው። ይህ ወጪ በዩኒቨርሲቲው በጀትም በወጪ መጋራቱ ውልም ላይ የለም፤ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው እዚያ ልጁ በሚጠብቅበት ቤት ነው።