የኅሊና ሥዕል ሕመምን ያስታግሣልን?

ሎሚ ሲታሰበን አፋችን ምራቅ ይሞላል፤ የሚያስፈራ ነገር በሐሳባችን ሲመጣም ልባችን ይደልቃል። በአፋችን ሎሚ፣ በፊታችንም አውሬ የለም። እንግዲህ ሐሳብ በሰውነት ላይ ኃይል እንዳለው አያጠራጥርም፤ የሚያከራክረው ይህ ኃይል እስከ ምን ድረስ እንደሚደርስ ነው።

በሕክምና የሚሠራበት ዘዴ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ዓይኑን ጨፍኖ በዝግታ እየተነፈሰ፣ የመሪውን ወይም የተቀዳ ድምፅ እያዳመጠ፣ አንድ ጸጥ ያለ ሥፍራ በኅሊናው ይሥላል። የሥፍራውን መልክ ብቻ ሳይሆን ድምፁን፣ ሽታውንና የነፋሱን ቅዝቃዜ ጭምር እንዲያስብ ይነገረዋል።

ዘዴው በሰፊው ከታወቀባቸው ምክንያቶች አንዱ የአሜሪካዊው የጨረር ሐኪም የካርል ሳይመንተን ሥራ ነው። እርሱ በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነቀርሳ ሕመምተኞች ከተለመደው ሕክምና ጋር፣ የደማቸው ነጭ ሕዋሳት ነቀርሳውን ሲያጠቁ በሐሳባቸው እንዲያዩ ያስተምር ነበር። ተስፋው ትልቅ ነበር፤ ነገር ግን ተስፋ በማስረጃ መመዘን አለበት።

ማስረጃ የሚገኘው ሕመምተኞችን በዕጣ ከሁለት ከፍሎ፣ ዘዴውን ለአንደኛው ወገን ብቻ ሰጥቶ ውጤቱን በማነጻጸር ነው። በ2005 ኤድዛርድ ኤርንስትና ባልደረቦቹ በነቀርሳ ሕመምተኞች ላይ የተደረጉ እንዲህ ያሉ 6 ጥናቶችን መረመሩ። ዘዴው መንፈስን የሚደግፍና ምቾት የሚጨምር መስሎ ታያቸው፤ እንደ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ላሉት የአካል ስሜቶች ግን የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም።

በሕመም ስሜት ረገድ ውጤቱ የተሻለ ነው። በ2009 በአሜሪካ በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ሆዳቸውን ዘወትር የሚያማቸው ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆኑ 34 ልጆች ተካፈሉ። ከተለመደው ሕክምና ጋር የተቀዳውን ድምፅ በቤታቸው ካዳመጡት ውስጥ 63.1 ከመቶው ሲሻላቸው፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻላቸው 26.7 ከመቶው ነበሩ። በ2011 ስለ ጡንቻና ስለ አጥንት ሕመም ከተመረመሩት 9 ጥናቶችም 8ቱ ሕመሙ መቀነሱን አመልክተዋል፤ ሆኖም የጥናቶቹ አሠራር ጥራት ስለ ጐደለው መርማሪዎቹ ውጤቱን አበረታች እንጂ ቁርጥ ያለ አላሉትም።

ለምን ቁርጥ አይሆንም? አዲስ ክኒን ሲፈተን መልኩ ከእርሱ ጋር አንድ የሆነ ባዶ ክኒን ለሌላው ወገን ይሰጣል፤ ማን የትኛውን እንደ ዋጠ አይታወቅም። የኅሊና ሥዕል ግን እንዲህ ሊደበቅ አይችልም። የሚያዳምጠው ሰው ማዳመጡን ያውቃል፤ ከዘዴው ያገኘውንም ጥቅም እሻላለሁ ብሎ ከመጠበቅ ከሚገኘው መለየት ያስቸግራል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የሕመም ስሜትና በሽታው ራሱ ሁለት መሆናቸውን ነው። ሕመም የሚሰማን በአንጐል አማካይነት ስለ ሆነ፣ ፍርሃት ያብሰዋል፣ እርጋታ ያቀለዋል። ዕብጠት ግን በሐሳብ ስለ መሟሟቱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህን ልዩነት መዘንጋት ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው ሕመምተኛው ሕመሙ ስለ ቀለለት የዳነ መስሎት መድኃኒቱን ያቋርጣል። ሁለተኛው ደግሞ ሳይድን የቀረ እንደ ሆነ፣ «አሳቤ ደካማ ስለ ሆነ ነው» ብሎ በሽታው ሳያንሰው በራሱ ላይ ጥፋት ይጭናል።

ስለዚህ ዘዴው ከሐኪም መድኃኒት ጐን ቢቆም ዋጋው ርካሽ፣ ጉዳቱም ጥቂት ነው። በመድኃኒቱ ቦታ ከተተካ ግን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።