አስጻፍኩ ወይስ ጻፉልኝ? የጃፓንኛ አስደራጊ ግሥ አጠቃቀም

በዚህ እትም በቋንቋ ክበባችን የገጠመንን አንድ ነገር ይዘን ቀርበናል።

ጃፓንኛ ከሚማሩት ተማሪዎቻችን አንዷ ለነፃ ትምህርት ማመልከቻ ስለ ራሷ የሚገልጽ ጽሑፍ አዘጋጀች። «መምህሬን የድጋፍ ደብዳቤ አስጻፍኩ» ለማለት «ሴንሴይ ኒ ሱይሴንጆ ኦ ካካሴማሽታ» ብላ ጻፈች። እኛም አየነው፤ ሰዋስዉ ልክ ነው አልንና አሳለፍነው። ደግነቱ ከመላኩ በፊት ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ እንግዳ አገኙትና «ይሄማ መምህርሽን አዘሽ አስጻፍሻቸው ማለት ነው» አሏት። ልጅቷ ደነገጠች፣ እኛ ደግሞ አፈርን። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የእኛ ነበር። ስለዚህ የተማርነውን እነሆ።

አሠራሩ

አማርኛችን «ጻፈ» ከሚለው «አስጻፈ»ን እንደሚያወጣ ሁሉ ጃፓንኛም አስደራጊ ግሥ አለው። ልዩነቱ እኛ ከፊት «አስ» ስንጨምር እነሱ ከኋላ መጨመራቸው ነው። ግሦቹ በ3 ምድብ ይከፈላሉ።

1ኛ ምድብ፦ በፊደላችን ብናስበው በጣም ቀላል ነው። የመጨረሻውን ካዕብ ወደ ራብዕ ለውጡና «ሴሩ» ጨምሩ። ካኩ (ጻፈ) ካካሴሩ፣ ኖሙ (ጠጣ) ኖማሴሩ ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ «ጹ» ወደ «ታ» ይለወጣል (ማጹ፣ ማታሴሩ፦ አስጠበቀ)፤ በ«ኡ» ድምፅ ብቻ የሚያልቀው ደግሞ «ዋ» ያወጣል (ካኡ፣ ካዋሴሩ፦ አስገዛ)።

2ኛ ምድብ፦ «ሩ»ን አውጡና «ሳሴሩ» ጨምሩ። ታቤሩ (በላ) ታቤሳሴሩ ይሆናል።

3ኛ ምድብ፦ ሁለቱን በቃል መያዝ ነው። ሱሩ (አደረገ) ሳሴሩ፣ ኩሩ (መጣ) ኮሳሴሩ።

«ኒ» ወይስ «ኦ»?

እኛ «ልጁን ወተት አጠጣሁት» ስንል ለልጁ «ን» እንሰጠዋለን። በዚህ ልማድ ብዙ ተማሪ ለልጁም ለወተቱም «ኦ» ይሰጣል። ይሄ አይሆንም። ግሡ ተሳቢ ካለው «ኦ» የተሳቢው ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ሰው «ኒ» ይይዛል፦ «ኮዶሞ ኒ ሚዙ ኦ ኖማሴሩ» (ልጁን ውሃ ያጠጣል)። ተሳቢ የሌለው እንደ ኢኩ (ሄደ) ያለ ግሥ ሲሆን ሰውየው አብዛኛውን ጊዜ «ኦ» ይይዛል፦ «ኮዶሞ ኦ ኢካሴሩ»።

ማስገደድ ወይስ መፍቀድ?

ይሄው «ኢካሴሩ» «እንዲሄድ ያስገድደዋል»ም «እንዲሄድ ይፈቅድለታል»ም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ከንግግሩ ዙሪያ ነው። ልጁ መሄድ ከፈለገ ፈቃድ ነው፤ ካልፈለገ ግዴታ። ፈቃድ ለመጠየቅም በዚሁ እንጠቀማለን፦ «ያሱማሴቴ ኩዳሳይ» (እንዳርፍ ይፍቀዱልኝ)። ይበልጥ በትሕትና ሲሆን «ያሱማሴቴ ኢታዳኬማሴን ካ» ይባላል።

ዋናው ጥንቃቄ

እኛ ጫማ እናስጠግናለን፣ ፀጉር እናስቆርጣለን፣ ማንንም አልናቅንም። በጃፓንኛ ግን አስደራጊው ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው፦ ከወላጅ ወደ ልጅ፣ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከአለቃ ወደ ሠራተኛ። ለታላቅ ሰው ወይም ውለታ ለዋለልን ሁሉ «ተደረገልኝ» በሚለው መንገድ እንናገራለን። የተማሪያችን ዓረፍተ ነገር ታርሞ «ሴንሴይ ኒ ሱይሴንጆ ኦ ካይቴ ኢታዳኪማሽታ» ሆነ፤ «መምህሬ በደግነት ጻፉልኝ» እንደማለት ነው። ለጓደኛ ከሆነ «ካይቴ ሞራይማሽታ» ይበቃል።

የስሜት ነገር ሲሆን ግን ለታላቅም ይሠራል። «ሃሃ ኦ ሺንፓይ ሳሴማሽታ» (እናቴን አሳሰብኳት) ቢባል ነውር የለበትም፤ ማንም አዞ አላሳሰባትምና።

አስደራጊው በ«ሚና ኖ ኒሆንጎ» መጽሐፍ በ48ኛው ትምህርት፣ በ«ጌንኪ» ሁለተኛ መጽሐፍ ደግሞ በ22ኛው ትምህርት ይገኛል። መጽሐፍ ያላችሁ ከዚያ ተለማመዱ።

እስቲ ሞክሩ

ወደ ጃፓንኛ መልሱ፦ ሀ) መምህሩ ተማሪውን ድርሰት (ሳኩቡን) አስጻፈው። ለ) መምህሬ ጃፓንኛ (ኒሆንጎ) አስተማሩኝ። ለ«ለ» «ኦሺዬሩ» (አስተማረ) የሚለውን ግሥ ተጠቀሙ፤ አስደራጊ ያስፈልገው እንደሆነም ቆም ብላችሁ አስቡ። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።

የተማሪያችን ማመልከቻ ታርሞ ተልኳል። መልሱን አብረናት እየጠበቅን ነው። እኛ መምህራን ደግሞ አንድ ነገር ተምረናል፦ ሰዋስው ልክ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ማን ለማን እንደሚናገርም ማየት ነው።

መልካም ጥናት!