የአሮጌ መኪና ዋጋ ከየት ይመጣል?

ከአሰላ ተነስቼ ዲክሲስ በሄድኩበት ጊዜ አንድ ጎማ አልባ ላንድሮቨር አጥር ሥር ቆሞ አየሁ። ዶሮዎች ያድሩበታል። ባለቤቱ አዛውንት “የካዱ ጊዜ መኪና ነው” አሉኝ፤ በስዊድን እርዳታ አሰላ ላይ የተቋቋመውን የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ማለታቸው ነው። “አባባ፣ ሊብሬው አለ?” ብላቸው “ለዶሮ ቤት ደግሞ ምን ሊብሬ ያስፈልገዋል?” ብለው ሳቁብኝ።

በዓለም የጨረታ ገበያ ግን ሚሊዮኖችን የሚወስነው ይኸው የሰነድ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ የ1955 ሥሪት መርሴዲስ 300 ኤስ ኤል አር በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። እስከዚያን ዕለት ድረስ ለየትኛውም መኪና በጨረታ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም። አንድ ፌራሪ 250 ጂቲኦም እ.ኤ.አ. በ2018 ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል።

ይህ ዋጋ ከእርጅና የመጣ አይደለም። አንደኛው ምክንያት የቁጥር ማነስ ነው፤ የዚያ መርሴዲስ ዓይነት 2 ብቻ፣ ፌራሪው ደግሞ 36 ናቸው የተሠሩት። ሁለተኛው ታሪክ ነው፤ ማን ነዳው፣ የት ተወዳደረ? ሦስተኛው ማስረጃ ነው። ባለሙያዎች የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከፋብሪካው መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። ሞተሩ ተቀይሮ ከተገኘ ዋጋው ይወርዳል።

ታሪክ ብቻውን ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ያን ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነበር። ያ ዓይነት ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷልና ብርቅ አይደለም። ነገር ግን የዚያን ዕለቱ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ ተረጋግጦ ቢቀርብ ዋጋው የተራ ቮልስ ዋጋ አይሆንም። ካልተረጋገጠ ግን ወሬ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ታሪካዊ ዋጋ ያለውን የሰው እጅ ሥራ በቅርስነት ሲተረጉም ለመኪና በሩን አልዘጋም። ሆኖም ከአገልግሎት የወጣ የመንግሥት ተሽከርካሪ በጨረታ ሲሸጥ ለገዢው ብረትና መለዋወጫ ነው። የዲክሲሱ ላንድሮቨር ሚሊዮን አያወጣ ይሆናል፤ ዓይነቱ ብዙ ነውና። የካዱ መሆኑ ቢረጋገጥ ግን ለአርሲ ቅርስ በሆነ ነበር። እንግዲህ መሥሪያ ቤቶቻችን ጨረታ ከማውጣታቸው በፊት የሻንሲ ቁጥሩንና የአገልግሎት ታሪኩን በአንድ ገጽ መዝግበው ቢያስቀምጡ ምን ይጎዳል? ብረቱ ቢሸጥ እንኳ ታሪኩ አብሮ አይሸጥም።