ሦስት ቀጠሮ፣ አንድ ሰው

ባለቤትዎ ስኳርም፣ ደም ግፊትም፣ የጉልበት ሕመምም ካለባቸው የሆስፒታሉን ደጅ በሚገባ ያውቁታል። ማክሰኞ የስኳር ክትትል፣ ሐሙስ የግፊት፣ በወሩ ደግሞ የአጥንት ቀጠሮ። በየቀጠሮው ማልዶ መነሣት፣ ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ፣ ለደም ምርመራም በባዶ ሆድ መቆየት አለ። ተራ ደርሶ ሲገባ ግን የሚጠየቀው ስለዚያው ክፍል በሽታ ብቻ ነው። «ጉልበቴም ያመኛል» ቢሉ፣ «እሱን ለአጥንት ሐኪሙ ይንገሩ» ይባላሉ።

ሐኪሞቹን መውቀስ ይቀላል፤ በር ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ ላየ ግን ጥድፊያቸው ይገባዋል። ጉዳቱ የሚመጣው በክፍሎቹ መካከል ነው። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ ሰው ለጉልበቱ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ቢጨምር፣ ሦስቱ ተደራርበው ኩላሊቱን ሊጎዱ ይችላሉ። ማስታገሻው ግፊቱንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን ያላወቀው የግፊት ክፍል መድኃኒት ይጨምራል። የስኳሩ ሜትፎርሚን ደግሞ ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መጠኑ መቀነስ፣ አንዳንዴም መቆም አለበት። ታዲያ ለስኳሩ ሐኪም ማን ይንገረው?

ታማሚው ብዙ ጊዜ አይናገርም። ቁጣ ፈርቶ ያልዋጠውን «ውጫለሁ» ይላል። ገንዘብ ሲያጥር የትኛው መድኃኒት እንደቀረ፣ ወር እስኪሞላ የትኛው እንክብል ለሁለት እንደተከፈለ የምታውቀው ሚስት ናት፤ ወይም ባል።

የጾም ጸሎት ሳምንት ሲታወጅም እንዲሁ ነው። ግሊቤንክላማይድ ውጦ ምግብ መተው ስኳርን አውርዶ ራስን ሊያስት ይችላል። ብዙዎች ግን «እምነት አነሰው» እንዳይባሉ ለመጋቢውም ለሐኪሙም ሳይናገሩ ይጾማሉ። (እኛም በኅብረታችን «አንተስ አትጾምም?» ብለን ስንቱን አሳቀናል!) መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆምም መፍትሔ አይደለም፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠየቅ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ይግቡ። በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ በራስ የተገዛውንም፣ የባህሉንም፣ በአንድ ፌስታል ይያዙ። ሐኪሙ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ሲል ባለቤትዎ «የለም» ካሉ፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።